ስለ ጄት ስኪ አደጋ፤ ምክንያቱና መከላከያው

በባሕርና በሐይቅ ዳር ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ዛሬ በብዙ አገር የሚያገኘው አንድ መሣሪያ አለ። ሲያዩት ሞተር ብስክሌት ይመስላል፤ ሥራው ግን የጀልባ ነው። ነጂው በውስጡ አይገባም፤ እንደ በቅሎ በላዩ ይፈናጠጣል። ይህ መሣሪያ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ጄት ስኪ በሚለው ስም ነው። አያያዙ ቀላል፣ ፍጥነቱም ደስ የሚያሰኝ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀደም ጀልባ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ለግማሽ ሰዓት ተከራይቶ ወደ ውሃው ይወጣበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ሰውን የሚጎዳው በምን ምክንያት እንደ ሆነና ጉዳቱ በምን መንገድ ሊቀነስ እንደሚችል ለማስረዳት ነው። ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው በይበልጥ ከአሜሪካ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው በሰፊው የተሠራጨውና አደጋውም ተመርምሮ የተጻፈው በዚያ አገር ስለሆነ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን እናስቀድማለን። አንደኛ፣ ስለ ውሃ አደጋ ሲነሣ በአብዛኞቻችን አሳብ የሚመጣው መስጠም ነው፤ በጄት ስኪ ግን ከመስጠም ይልቅ ሕይወት የሚያጠፋው ምት ነው። ሁለተኛ፣ አደጋው የሚደርሰው ነጂው ሲዳፈር ብቻ አይደለም፤ ሲፈራም ነው። እንዲያውም ከፍርሃት የተነሣ እጁ በራሱ የሚያደርገው ነገር ብዙ ጊዜ ወደ አደጋው ይወስደዋል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በታች እናያለን።

ሀ. የመሣሪያው ምንነትና አመጣጥ

ጄት ስኪ የሚለው ስም በመሠረቱ የአንድ ፋብሪካ የንግድ ስም ነው። እኛ አገር ማንኛውንም የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ኦሞ እንደምንል፣ በሌላው ዓለምም የካዋሳኪ ኩባንያ ያወጣው ስም ለመሣሪያው ዓይነት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

የመሣሪያውን አሳብ በ1960ዎቹ ውስጥ ያመነጨው ክሌይተን ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነው። እንደሚነገረው፣ በሞተር ብስክሌት ሲወዳደር በደረቅ መሬት ላይ መውደቅ ስለ ሰለቸው፣ መውደቂያው ውሃ የሆነ ሞተር ለመሥራት አሰበ። የካናዳው ቦምባርዲዬ ኩባንያ በ1968 ሲ ዱ የተባለውን ተቀምጠው የሚነዱትን ዓይነት ለገበያ አቀረበ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ሥራውን አቋረጠ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ካዋሳኪ ቆመው የሚነዱትን ጄት ስኪ አወጣ። ይህ ዓይነት ሚዛን መጠበቅን የሚጠይቅ ስለሆነ ለመማር ያስቸግር ነበር፤ ስለዚህም ተጠቃሚው ጥቂት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ያማሃ ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚሄድበትን መሣሪያ ሠራ፤ ቦምባርዲዬም በ1988 ሲ ዱን እንደ ገና አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሚዛን መጠበቅ የማይችል ሰው እንኳ ያለ ችግር መቀመጥ ቻለ። የሞተሩም ጉልበት ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ። ዛሬ ሦስት ሰው ከሚይዙት ውስጥ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄዱ አሉ። እንግዲህ መሣሪያው ለመቀመጥ እየቀለለ ሲሄድ፣ በላዩ የተቀመጠው ሰው የሚያዝዘው ኃይል ደግሞ እየከበደ ሄደ ማለት ነው።

ለ. እንዴት እንደሚሄድና ለምን እንደማይታጠፍ

ተራው የሞተር ጀልባ የሚሄደው ከኋላው በውሃ ውስጥ በሚሽከረከር ማራገቢያ መሰል ብረት ነው። ጄት ስኪ ግን እንዲህ ያለ በውጭ የሚታይ ብረት የለውም። ከሆዱ በታች በፍርግርግ የተሸፈነ ቀዳዳ አለ። ሞተሩ በውስጡ ያለውን ፓምፕ ሲያሽከረክር ውሃው በዚህ ቀዳዳ ይሳባል፤ ከዚያም በኋላ በኩል ባለው ጠባብ አፍ በታላቅ ኃይል ይወረወራል። ውሃው ወደ ኋላ ሲወረወር መሣሪያው ወደ ፊት ይገፋል። ይህም ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ለማናቸውም ግፊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለው በማለት የገለጸው ሦስተኛው ሕግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ነጂው እጀታውን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲያዞር የሚዞረው ያ የውሃ መውጫ አፍ ነው። የተወረወረው ውሃ አቅጣጫውን ሲለውጥ የመሣሪያው ጅራት ይገፋል፤ ፊቱም ይዞራል። ስለዚህ የጄት ስኪ መሪ የተወረወረው ውሃ ራሱ ነው። ሞተሩ ውሃ መወርወሩን ካቆመ መሪ የለም ማለት ነው።

አንድ ሰው በፍጥነት ሲሄድ በድንገት ከፊቱ ዋናተኛ ብቅ አለ እንበል። ነጂው ይደነግጣል፤ በድንጋጤውም ጣቱን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ እጀታውን ወደ ጎን ያዞራል። በምድር ላይ ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ብስክሌትም ሆነ መኪና መንዳት የለመደ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በጄት ስኪ ላይ ግን ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የሚወረወረው ውሃ ስለሚደክም እጀታው ወደ ጎን ቢዞርም መሣሪያው አይታዘዝም። በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ወደ ዋናተኛው ይንሸራተታል። በዚያች ቅጽበት ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ነዳጅ መጨመር ነበር፤ የደነገጠ ሰው ግን ሳይማር ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ሐ. የጉዳቱ ዓይነቶች

የጉዳቱን ክብደት ለመገመት ትንሽ ስሌት ይበቃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መሣሪያ በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ከድልድይ ምሰሶ ጋር የተጋጨ ሰው፣ የአየሩን መቋቋም ሳንቆጥር፣ ከ25 ሜትር ከፍታ ማለት ከስምንት ፎቅ ያህል ወድቆ መሬት የመታ ሰው ያለውን ፍጥነት ይዞ ይመታል። ፍጥነቱ በግማሽ ቀንሶ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ከፍታው ወደ 6 ሜትር ይወርዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ኃይል አራት እጥፍ የሚሆነው በዚህ ሕግ መሠረት ነው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቀበቶና የብረት ቤት አለው፤ በጄት ስኪ ላይ ያለው ግን የሚቀበለው የራሱ አካል ነው።

ጉዳቱን በአምስት ክፍል ልንለየው እንችላለን።

አንደኛው ግጭት ነው። ከሌላ ጄት ስኪ፣ ከጀልባ፣ ከመርከብ ማቆሚያ እንጨት ወይም ከዋናተኛ ጋር መጋጨት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጋጩት አብረው ለመጫወት የወጡ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለት ጄት ስኪዎች እያንዳንዳቸው በ60 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ሲመጡ፣ በመካከላቸው 100 ሜትር ቢኖር ለመገናኘት የሚቀራቸው 3 ሴኮንድ ብቻ ነው። በ2012 በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት በላኒየር ሐይቅ ላይ፣ በጀልባ በሚጎተት ተንሳፋፊ ላይ የነበሩ ልጆች በጄት ስኪ ተመትተው አንደኛው ሕይወቱ አልፏል። የሚጎዳው እንግዲህ ነጂው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መውደቅ ነው። ውሃ ለስላሳ ነው ብለን እናስባለን፤ በፍጥነት ለሚመታው አካል ግን ጠንካራ ነው። እጅና እግር ይሰበራሉ፤ ጭንቅላትና አንገትም ይጎዳሉ።

ሦስተኛው በማዕበል ላይ ከመዝለል የሚመጣው ነው። አንዳንድ ነጂዎች ጀልባ አልፎ የተወውን ማዕበል እየተከተሉ ይዘላሉ። መሣሪያው ከአየር ወደ ውሃ ሲመለስ ድንጋጤው ከመቀመጫው ወደ ጀርባ አጥንት ይወጣል፤ ከዚህ የተነሣ የታችኛው የጀርባ አጥንት ሊሰበር ይችላል።

አራተኛውን መናገር የሚያሳፍር ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው በይሉኝታ ዝም ያለው ነገር ስለሚጎዳ በግልጽ መናገሩን መርጠናል። ከነጂው ጀርባ የተቀመጠ ሰው መሣሪያው በድንገት ሲፈተለክ ወደ ኋላ ይወድቃል። የሚወድቀውም በቀጥታ ውሃው በሚወረወርበት አፍ ፊት ነው። በኃይል የሚወጣው ውሃ በፊንጢጣ ወይም በሴት ብልት በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ የውስጥ አካልን ሊቀድ ይችላል። ሐኪሞች የጻፉት ይህ ጉዳት ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውና አንዳንዴም ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። ተራ የዋና ልብስ ከዚህ አይከላከልም። በመሣሪያው ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ፣ ነጂውም ተሳፋሪውም ከወገብ በታች ወፍራም የጎማ ልብስ ወይም ይህን የመሰለ መከላከያ እንዲለብሱ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

አምስተኛው መስጠም ነው። ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ዋና ቢያውቅም ሊዋኝ አይችልም። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት የሚባለው ተንሳፋፊ ሰደርያ ዋና ለሚችለውም ሰው ግዴታ መሆን አለበት።

መ. አደጋው በማን ላይ ይበዛል

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1998 ስለዚህ መሣሪያ አንድ ጥናት አውጥቷል። ከጥናቱ ውጤቶች ዋነኛው፣ ከመዝናኛ ጀልባዎች ዓይነት ሁሉ መካከል የሞት መንሥኤ በመጀመሪያ ደረጃ መስጠም ያልሆነበት ጄት ስኪ ብቻ መሆኑ ነው። በሌላው ጀልባ ሰው በይበልጥ የሚሞተው ሰጥሞ ነው፤ በጄት ስኪ ግን ተመትቶ ነው። ከዚህ የተነሣ በጀልባ ላይ የተለመደው ጥንቃቄ፣ ማለት ላይፍ ጃኬት መልበስ ብቻውን፣ እዚህ አይበቃም። ሰደርያው ከመስጠም ያድናል፤ ከምት ግን አያድንም።

ያው ጥናት በአደጋው ውስጥ ከተገኙት ነጂዎች ብዙዎቹ ስለ ጀልባ አነዳድ ምንም ትምህርት ያልወሰዱ መሆናቸውን፣ ከተከራዮቹም መካከል ብዙዎቹ በመሣሪያው ላይ ገና አጭር ጊዜ የቆዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህም ከላይ ከተናገርነው ጋር ይስማማል። መሣሪያው ወደ ፊት እንዲሄድ ለማድረግ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ እጅን ከፍርሃት ልማዱ ለማላቀቅ ግን ልምምድ ያስፈልጋል። ተከራዩ የመጀመሪያውን በአንድ ደቂቃ ያውቅና ሁለተኛውንም ያወቀ ይመስለዋል። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለሌላ ነገር ቢሆንም እዚህም ይሠራል።

ሠ. ጥፋቱ የነጂው ነው ወይስ የመሣሪያው

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አስተያየት አለ። አንዳንዶች፣ መሣሪያው ግዑዝ ነው፤ የሚገድለው የነጂው ጥጋብ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን የታወቀ ነገር ሳያስብ የተሠራ መሣሪያ ራሱ ጎዶሎ ነው ይላሉ።

ለመጀመሪያዎቹ እውነት አላቸው። በዋናተኞች መካከል እየተጠማዘዘ የሚነዳ፣ መጠጥ ጠጥቶ የሚወጣ፣ ወደ ጓደኛው በፍጥነት መጥቶ ውሃ ሊረጨው የሚሞክር ሰው ጥፋቱን በብረት ሊያመካኝ አይችልም። ነገር ግን የሁለተኞቹ ነገር ባዶ አለመሆኑን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በሥራቸው መስክረዋል። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ ነዳጅ መስጫው ተለቅቆ እጀታው ሲዞር መሣሪያው በመጠኑ እንዲታጠፍ የሚረዱ ዘዴዎችን በሥራ ላይ አውለዋል። በ2009 ደግሞ ሲ ዱ በእጀታው ላይ በሚጨበጥ ማንሻ የሚሠራ ፍሬን አወጣ፤ ማንሻው ሲጨበጥ ከኋላ አንድ ክዳን ወርዶ የሚወረወረውን ውሃ ወደ ፊት ስለሚመልሰው መሣሪያው ቶሎ ይቆማል። መሻሻል የተቻለ ነገር ከሆነ፣ የቀድሞው ጉድለት በነጂው ጥጋብ ብቻ የመጣ አልነበረም ማለት ነው።

እኛ የምንለው፣ ሁለቱን ማነጻጸር ሦስተኛውን ሰው እንድንረሳ ያደርገናል ነው። እርሱም አከራዩ ነው። ጠጪውን ነጂ ሊከለክል፣ ያልተማረውን ሊያስተምር የሚችል፣ ከውሃው ዳር የቆመው እርሱ ነው። ፍሬን የሌለው አሮጌ መሣሪያ ለማያውቅ ሰው አስረክቦ ገንዘቡን የሚቀበል አከራይ፣ ከአደጋው በኋላ ጥፋቱን በነጂው ላይ ብቻ ሊጥል አይገባውም።

ረ. ሕግ ስለ ጄት ስኪ ምን ይላል

የፍሎሪዳ ግዛት ሕግ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በዚያ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጄት ስኪ ሊነዳ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነም ሊከራይ አይችልም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1988 እና ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለውን ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት መውሰዱን ማሳየት አለበት። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ እስክትወጣም ግማሽ ሰዓት እስኪቀራት ድረስ ጄት ስኪ መንዳት ክልክል ነው። በመሣሪያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ላይፍ ጃኬት ይለብሳል፤ በአየር የሚነፋው ዓይነት ግን አይፈቀድም። አከራዩም ከማከራየቱ በፊት ትምህርት እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል። በአሜሪካ አገር በጠቅላላው ደግሞ ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች የሆኑ የሞተር ጀልባዎች ነጂዎች፣ ከጀልባው ሲወድቁ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ወይም መሰሉን እንዲጠቀሙ ሕግ ወጥቷል።

የእንግሊዝ አገር ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2005 በዚያ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ጄት ስኪ ከቦታ ወደ ቦታ ለመጓዝ ሳይሆን ለመጫወት ብቻ የሚነዳ ስለሆነ በመርከብ ሕጉ መሠረት መርከብ ሊባል አይችልም ብሎ ፈረደ። በዚህም ምክንያት በመርከብ ላይ የሚሠራው ቅጣት በጄት ስኪ ነጂ ላይ ሊሠራ አልቻለም። ይህ ክፍተት የተደፈነው ማርች 31 ቀን 2023 በጸና ደንብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአደገኛ ሁኔታ የሚነዳ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። አንድን ነገር መጫወቻ ብሎ መሰየም ብቻውን ለ18 ዓመት ያህል ከሕግ ሊያስመልጠው እንደ ቻለ እንመለከታለን። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይህን ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሰ. የጥንቃቄ መንገዶች

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ወደ ሥራ ስንለውጠው የሚከተለውን እናገኛለን።

1. ነዳጅ መስጫውን ከለቀቁ በኋላ መሣሪያው እንዴት እንደሚንሸራተት፣ ሰው በሌለበት ሰፊ ውሃ ላይ በዝግታ ደጋግሞ መሞከር። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ ነው።

2. ርቀትን መጠበቅ። በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አደጋውን አይቶ እጁ እስኪሠራ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ምንም ሳያደርግ 33 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ርቀት ማለት ጊዜ ማለት ነው።

3. የሞተር ማጥፊያውን ገመድ በእጅ አንጓ ወይም በላይፍ ጃኬቱ ላይ ማሰር። ገመዱ ካልታሰረ፣ ነጂው የወደቀበት መሣሪያ ሌላ ሰው ሊመታ ወይም ጥሎት ሊርቅ ይችላል።

4. ላይፍ ጃኬትና ከወገብ በታች ወፍራም የጎማ ልብስ መልበስ። ተሳፋሪው ነጂውን አጥብቆ ይያዝ፤ ነጂውም ተሳፋሪው መያዙን ሳያረጋግጥ አይነሣ።

5. የውሃውን መንገድ ሕግ ማወቅ። ሁለት ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ ይህ በአገራችን መንገድ ላይ ከለመድነው ቀኝ የመያዝ ሕግ ጋር የተስማማ ነው። ሲተላለፉ ደግሞ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል።

6. ከመታጠፍ በፊት ወደ ኋላ መመልከት። የጄት ስኪ ነጂ ከኋላ የሚመጣውን በራሱ ሞተር ድምፅ የተነሣ አይሰማውም።

7. ረጅም ጠጉርንና የተንጠለጠለ ልብስን ከታችኛው ቀዳዳ ማራቅ፤ በውሃ ውስጥ ያለ ሰው ከመሣሪያው አጠገብ ሲሆን ሞተሩን ማጥፋት።

መደምደሚያ

ይህ ጉዳይ ከእኛ ሩቅ የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ብዙ ወገኖቻችን በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች በባሕር ዳር ከተሞች ይኖራሉ። ከደጋ የመጣ ሰው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጥልቅ ውሃ ጋር ያለው ትውውቅ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በዕረፍት ቀኑ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ባሕር ወርዶ ጄት ስኪ ሲከራይ፣ መስጠምን ብቻ እየፈራ ላይፍ ጃኬቱን ያጠብቃል፤ ከፊቱ ያለውን ዋናተኛና የገዛ እጁን ግን አይፈራም። በአገር ቤትም ቢሆን ላንጋኖን በመሰለ ዋናተኛ በሚበዛበት ሐይቅ ላይ ሞተርና ሰው በአንድ ውሃ ሲገናኙ፣ የዋናውን ስፍራ ከሞተሩ ስፍራ በግልጽ ምልክት መለየት ሰው ከተጎዳ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ጄት ስኪን መንዳት ይቅር የሚል አሳብ የለንም፤ ደስታው እውነተኛ ነው፤ በሚገባ ሲያዝም መልካም መዝናኛ ነው። የምንለው፣ በአደጋው ቅጽበት ነጂው የሚያስብበት ጊዜ ስለሌለው ማሰቡ ሁሉ በምድር ላይ ሳለ ይለቅ ነው። ለመታጠፍ ነዳጅ እንደሚያስፈልግ ከዳር ሆኖ የተማረ ሰው በውሃው ላይ ያስታውሰዋል፤ ያልተማረውን ግን ውሃው ለማስተማር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጠው ይችላል። ስለዚህ አከራይ የሆነ ሁሉ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ እንመክራለን፤ ጣትህን ከነዳጅ መስጫው ብታነሣ ምን ይሆናል? መልሱን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ይማር፤ ከዚያ በኋላ ይንዳ።